ስታንድ ሳይወድቅ መሥራት፦ የመብራት ስታንድ ለመምረጥና ለማቆም ዝርዝር መመሪያ

ፎቶ ሥራ ላይ ገንዘብ የምናወጣበት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ካሜራ፣ ቀጥሎ ሌንስ፣ ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያ ሶፍት ቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን)። ስታንድ የሚገዛው በተረፈው ብር ነው። «አንድ ስታንድ ጨምርልኝ» ተብሎ ሳይታይ ይወሰዳል። እኔ ግን ስታንድ ከፍላሹ እኩል ሊታሰብበት ይገባል ባይ ነኝ። ፍላሽ ቢበላሽ የምናጣው ፎቶ ብቻ ነው። ስታንድ ሲወድቅ ግን ከሥሩ ሰው አለ። ሙሽራ አለች፣ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሕፃን አለ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡ አያት አሉ።

ይህን የጻፍኩት በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ፣ መልስ፣ ልደትና ምርቃት ለምታነሱ፣ ፍላሽ ይዛችሁም ወደ ውጪ ለምትወጡ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ወለሉ ልክ ነው፣ ነፋስ የለም፣ የሚሯሯጥ ልጅም የለም። ችግሩ ያለው ከስቱዲዮ ስንወጣ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ክብደቱን ደምሩ

ስታንዱ ላይ የሚወጣውን ነገር ሁሉ አንድ ላይ መዝኑ። የሰፈር ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ካሜራ ላይ የሚሰካው ትንሽ ፍላሽ ከነባትሪው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። እንደ ጎዶክስ ኤዲ 600 ፕሮ ያለው ባለባትሪ ስትሮብ (ትልቁ የስቱዲዮ ፍላሽ) ግን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሶፍት ቦክስ ከነማሰሪያ ቀለበቱ ከ1 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 4 ኪሎ ገደማ ጭንቅላታችን ላይ ሰቀልን ማለት ነው።

ያገኛችሁትን ቁጥር በ2 አባዙትና ቢያንስ ያን ያህል የሚሸከም ስታንድ ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሸከም አቅም ስታንዱ ቀጥ ብሎ፣ ወለሉ ተስተካክሎ፣ ክብደቱም ልክ ከመሃሉ በላይ ሲያርፍ የሚሠራ ነው። ሶፍት ቦክስ ግን ወደ ፊት የወጣ ነገር ነው። ሁልጊዜ ወደ ፊት ይጎትታል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። መሸከም መቻልና አለመውደቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። 9 ኪሎ ይሸከማል የተባለ ስታንድ 2 ኪሎ ተሸክሞ ሊገለበጥ ይችላል። አለመውደቁን የሚወስነው እግሩ ምን ያህል እንደሚዘረጋና ከታች ምን ያህል ክብደት እንዳለ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ቁመት ሲያወራ እናንተ ስለ እግር ጠይቁ።

ሦስቱ እግሮች እንዴት እንደሚሠሩ

ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሦስት እግሮች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ስታንድ በቀላሉ የሚወድቀው ወደ አንዱ እግር ሳይሆን በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ ነው። እያንዳንዱ እግር ከመሃል 50 ሴንቲ ሜትር ተዘርግቷል እንበል። ሁለቱን እግሮች የሚያገናኘው መስመር ከመሃል የሚርቀው 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ወደ እግሩ አቅጣጫ ግን ሙሉ 50 ሴንቲ ሜትር አለ። ያው ስታንድ፣ ያው ክብደት ሆኖ፣ ሲገፋ በእግሩ በኩል በእጥፍ ይጠነክራል።

ስለዚህ አንደኛው እግር ሁልጊዜ ሶፍት ቦክሱ በሚያይበት አቅጣጫ ይሁን። ብር አይጠይቅም፣ ጊዜ አይወስድም። ግን ስንት ባለሙያ ስታንዱን እንደመጣለት ተክሎት እንደሚሄድ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛው ነገር የአዘረጋጉ መጠን ነው። እግሮቹን ከመሃሉ ቱቦ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ብረቶች ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆኑ ዘርጉ። ከዚያ በታች ካጠበባችሁ ስታንዱ ይጠባል። ከዚያ በላይ ከጫናችሁት ደግሞ የመሃሉ ቱቦ ወለል ይነካና እግሮቹ ይንሳፈፋሉ። ቦታ ጠቧል ብሎ እግር መሰብሰብ የተለመደ ነው። ቦታ ከጠበበ ስታንዱን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱት እንጂ እግሩን አትሰብስቡ።

የትኛውን ዓይነት?

ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሦስት ዓይነት ነው።

ቀላሉ 2 ሜትር ገደማ የሚቆም፣ ሲታጠፍ ግማሽ ሜትር አካባቢ የሚሆን ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ትንሽ ፍላሽና ብርሃን ለሚያለሰልስ ትንሽ የፎቶ ጃንጥላ፣ ያውም ቤት ውስጥ፣ ጥሩ ነው። ስትሮብ አይጫንበት።

መካከለኛው 2.8 ሜትር አካባቢ የሚደርሰው ነው። አንድ ስታንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ይህን ግዙ። ቁመቱን ሙሉ ላትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የምትፈልጉት የወፈረ ቱቦውንና የሰፋ እግሩን ነው።

ከባዱ ሲ ስታንድ የሚባለው የብረቱ ነው። ለስቱዲዮና በመኪና ለሚንቀሳቀስ ቡድን እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው። በራይድ ወይም በሚኒባስ ለሚሄድ ብቸኛ ሠራተኛ ግን ሸክሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

«ባለ አየር» እና «ባለ ሞላ» የሚለውን ልዩነት ሻጮች ያነሱታል። ባለ አየሩ ማጥበቂያው ድንገት ቢላላ ቱቦው ቀስ እያለ ይወርዳል። ጣት ከመቀርጠፍ፣ አምፖልም ከመሰበር ያድናል። ባለ ሞላው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሚያበርደው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈትሹት። ቱቦውን ከፍ አድርጉና ማጥበቂያውን አላልታችሁ ልቀቁት። ቀስ ካለ አየር አለው። ጓ ብሎ ወርዶ ከነጠረ ሞላ ነው፣ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። ባለ አየርም ቢሆን ከባድ ስትሮብ ሲጫንበት ቶሎ ይወርዳልና እጃችሁን አትመኑበት።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ስታንዱን ሙሉ ዘርግታችሁ ሙሉ ቁመቱን አውጡት። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ጫፉን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ግን መገጣጠሚያው ልል ነው።

ቀጥሎ ማጥበቂያዎቹን በመጠኑ አጥብቁና ቱቦውን በእጃችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ከተንሸራተተ ተዉት። አዲስ ሆኖ የሚንሸራተት ስታንድ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቱቦዎቹ የሚገናኙበት አንገት ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? ፕላስቲክ ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። የእግሮቹ ሪቬቶች ይጫወታሉ?

አሁን ጫፉን እዩ። የፍላሽ መያዣው የሚገባበት ቁራጭ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ትልልቅ የፊልም መብራቶች ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ይጠቀማሉ። አናቱ ላይ የሚገኘው ጥርስ 1/4 ወይም 3/8 ኢንች ነው። የእናንተ መያዣ የትኛውን እንደሚፈልግ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ መያዣውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ቁራጩ ወገቡ ላይ ቀጠን ያለ ጎድጓዳ እንዳለው ተመልከቱ። የመያዣው ብሎን ሲጠብቅ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ መግባት አለበት። እዚያ ከገባ፣ ብሎኑ በትንሹ ቢላላ እንኳ መብራቱ ወደ ላይ ተነቅሎ አይወጣም። ከጎድጓዳው በላይ ከተጠበቀ ግን የያዘው ጉልበት ብቻ ነው።

የአሸዋ ከረጢት ሥሩ

ስታንድ የገዛ ሰው ግዢው አላለቀም። ያለ ክብደት የቆመ ስታንድ ገና ያልቆመ ስታንድ ነው።

ተሠርቶ የሚሸጠውን ካላገኛችሁ ራሳችሁ አሠሩት። ጠንካራ ሸራ ግዙና ለልብስ ሰፊ ስጡ። ሁለት ኪስ ኖሮት በመሃል በሰፊ ማንጠልጠያ የተያያዘ ይሁን፣ አህያ ላይ ግራና ቀኝ እንደሚጫን ጭነት። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ኪስ 2 ሊትር ከጨመራችሁ ከ6 ኪሎ በላይ አገኛችሁ። አሸዋው የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሸራውን ያበሰብሰዋል። መጀመሪያ በወፍራም ፌስታል፣ ደግማችሁ በሌላ ፌስታል ጠቅልሉት። አለበለዚያ የሆቴሉ ምንጣፍ ላይ ይረግፍና ጣጣ ነው።

አሸዋ ተሸክሞ መዞር ከከበዳችሁ ባዶ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ግዙ። ስድስቱ 12 ኪሎ ነው። ሥራ ሲያልቅ ይጠጣል። ጀሪካንም ይሆናል፤ ባለ 5 ሊትሩ ሲሞላ 5 ኪሎ ይመዝናል። ጀሪካኑን ግን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ በላላ ገመድ አትሰሩት። ገመዱ እስኪወጠር ስታንዱ ቀድሞ ያዘነብላል።

ከረጢቱ የሚቀመጠው እግሩ ላይ፣ ወደ መሃሉ ቱቦ ጠጋ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ ነው። ቀጫጭኖቹ ማያያዣ ብረቶች ላይ አትጫኑት፤ ይጎብጣሉ። ክብደቱ ስታንዱ ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይረፍ። ከላይ ማንጠልጠልም አይሆንም። እዚያ ላይ ነፋስ ሲያወዛውዘው ራሱ ይገፋል።

አዳራሽ ውስጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እንግዳ ከመግባቱ በፊት ድረሱ። ቦታ የሚመረጠው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። በር አጠገብ አይሁን። ከጠረጴዛ ወደ ቡፌ በሚወስደው መንገድም አይሁን። ሙሽሮቹ ከተቀመጡበት እስከ መጨፈሪያው ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት። ጥግና የምሰሶ ጀርባ ወዳጆቻችን ናቸው። ጀርባው ግድግዳ ከሆነና አንዱ እግር ወደ ሕዝቡ ከዞረ፣ ስታንዱ በሕዝቡ በኩል ጠንካራ ነው። በቀላሉ የሚሸነፈው ወደ ግድግዳው ነው። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ። እግር ዘርጉ። አንዱን እግር አቅጣጫ አስይዙ። ከረጢቱን ጫኑ። ከዚያ ስታንዱ ዝቅ እንዳለ መብራቱን ግጠሙ፣ ሶፍት ቦክሱን ግጠሙ። በመጨረሻ ከፍ አድርጉ። ስትነቅሉ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ዝቅ ይደረጋል፣ ከረጢቱ የሚነሳው ከሁሉ በኋላ ነው። ከረጢት መጀመሪያ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል። ረዳታችሁ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ።

ከፍ ስታደርጉ አንድ እጅ የላይኛውን ቱቦ ይያዝ፣ ሌላው ማጥበቂያውን ያላላ። ሳይያዙ ማላላት ክልክል ነው። ከባድ ስትሮብ ከሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ንግግርም ያስፈልጋል። «ያዝከው?» «ያዝኩት፣ ልቀቅ።» መልሱ ሳይሰማ ማንም እጁን አያንሳ።

የትኛው ቱቦ ቀድሞ ይውጣ? ሙሉ ቁመት ካላስፈለገ ወፍራሙን አውጡና ቀጭኑን እውስጥ ተዉት፤ ጠንካራ ይሆናል። ሙሉ ቁመት የግድ ከሆነ ግን ከላይኛው ቀጭን ጀምሩ። የታችኛውን ቀድማችሁ ካወጣችሁት የላይኛው ማጥበቂያ እጃችሁ ከማይደርስበት ይሄዳል፤ ያኔ ወንበር ላይ መውጣት ይመጣል። በየትኛውም መንገድ ቱቦውን እስከ መጨረሻው አትጎትቱት። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እውስጥ ይቅር።

ሽቦ ካለ በስታንዱ ቱቦ ላይ አስራችሁ ወደ ታች አውርዱት፤ ከእግሩ ሥር አንድ ዙር አስሩት። ሰው ሽቦውን ቢረግጥ የሚጎተተው የእግሩ ሥር ይሁን። ከጫፍ ከተጎተተ አለቀ። ወለል ላይ ያለውን በሰፊው የጨርቅ ቴፕ ዳር እስከ ዳር ለጥፉት።

እኛ ዘንድ ለየት ያሉ ነገሮችም አሉ። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ያዳልጣል፣ የስታንድ እግርና ሽቦም ይደብቃል። እግሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ቄጤማውን ግለጡት። የእግሮቹ ጫፍ ላይ ነጭ ቴፕ ጠቅልሉ፤ አዳራሽ ሲጨልም ይታያል። የነጠላ ጥለትና ዘርፍ ማጥበቂያ ላይ በቀላሉ ይያዛል። እናቶች ሙሽሮቹን ሊስሙ ሲያልፉ ረዳቱ ስታንዱ አጠገብ ይቁምና «እማማ፣ በዚህ በኩል ይለፉ» ይበል። ሕፃናት ደግሞ ስታንድ ያስደስታቸዋል። ቁጣ አይሠራም። አንድ ፎቶ አንሷቸውና ወደ እናታቸው ሸኟቸው።

ጭፈራው ሲሞቅ ምን ይደረግ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እስክስታው ወደ መሃል ሲገባና ሰዉ ክብ ሲሠራ ስታንዱን ዝቅ አድርጉና ከቦታው አንሱት። ካሜራው ላይ ያለውን ፍላሽ ጣሪያ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ እያነጠራችሁ ሥሩ። ብርሃኑ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ማንም የሠርጉን ቪዲዮ ከፍቶ በሶፍት ቦክስ የተመታ ሚዜ ማየት አይፈልግም።

ውጪ፦ ነፋስን በቁጥር እንየው

እንጦጦ ላይ፣ በየፓርኩ፣ ጣሪያ ላይ ስንሠራ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። ሶፍት ቦክስ ሸራ ነው። ምን ያህል እንደሚገፋ ላሳያችሁ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ያለ ነው። ያም ሆኖ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 90 ሴንቲ ሜትር ሶፍት ቦክስን ወደ 1 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ሶፍት ቦክሱ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በክፍቱ በኩል ስታንዱን የሚይዘው ርቀት ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳይወድቅ ጠቅላላ ክብደቱ 7 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። ነፋሱ እጥፍ ሆኖ 36 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። ያኔ የሚያስፈልገው ከ25 ኪሎ በላይ ነው። ይህ ደግሞ አፋፍ ላይ የሚያቆመው ልክ ነው፤ ድንገት ለሚመታ ነፋስ ትርፍ የለውም።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ይህ ነው። ቅጠልና ትንንሽ ቅርንጫፎች ሳያቋርጡ ሲንቀሳቀሱ ከረጢት ጫኑ፣ ስታንዱን የሚይዝ ሰው አቁሙ። አንዱን እግር ነፋሱ ወደሚገፋበት አዙሩት። ትንንሽ ዛፎች ራሳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ሶፍት ቦክሱን አውልቁ። በባዶ ፍላሽ፣ ወይም ሰው በእጁ በያዘው አንጸባራቂ ሥሩ። ጃንጥላማ ውጪ ይዞ መውጣት ራሱ አይመከርም። ቁመትም ይረዳል፤ ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ከወረደ የነፋሱ ጉልበት ስታንዱ ላይ በግማሽ ይቀንሳል። ሙሽሮቹን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። እነሱ ሲቀመጡ መብራቱም ይወርዳል።

ተዳፋት ላይ ዋናው የመሃሉ ቱቦ ቀጥ ማለቱ ነው። ቁልፍ በክር አንጠልጥሉና ከቱቦው ጋር አስተያዩት። አንድ እግሩ የሚረዝም ስታንድ ካላችሁ ደረጃ ላይም ይቆማል። ከሌላችሁ ድንጋይ ደርድራችሁ ከማቆም ሁለት እርምጃ ሄዳችሁ ሜዳ ፈልጉ። እርጥብ ሣር ላይ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አድርጉ፤ አንዱ እግር ሲሰምጥ ስታንዱ ያዘነብላል።

አሁን የምለው ከመውደቅም የከፋ ነው። በየሰፈሩ ዝቅ ብለው የተዘረጉ የመብራት ሽቦዎች አሉ። ስታንድ አሉሚኒየምም ሆነ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስታንድ ከመዘርጋታችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። ሽቦ ካለ ቦታ ቀይሩ። ቆሞ እንዳለ ስታንድ ተሸክሞ መሄድም አይገባም፤ ሁልጊዜ ታጥፎ ይወሰድ። በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ገላጣ ኮረብታ ላይ ስታንድ ይዞ መቆም የለም። ዝናቡ እስኪጀምር አትጠብቁ፤ አጥፋችሁ መኪና ውስጥ ግቡ።

ሲ ስታንድና ክንድ ለሚጠቀሙ

የሲ ስታንድ እግሮች ከፍታቸው ይለያያል። ከሁሉ ከፍ ያለው እግር ጭነቱ ባለበት በኩል ይሁን። ከረጢቱም እዚያው ላይ ይንጠልጠል፤ ከፍ ስላለ ከረጢቱ ወለል ሳይነካ ሙሉ ክብደቱን ይሰጣል።

ክንድ (መብራቱን ከስታንዱ አርቆ የሚይዘውን አግዳሚ ዘንግ) ስትገጥሙ ከስታንዱ ኋላ ቁሙ፤ ክንዱ ከእናንተ ወደ ፊት ይዘርጋ፣ ማጥበቂያው በቀኛችሁ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጭነቱ ወደ ታች ሲጎትት ማጥበቂያውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። በግራ ከሆነ እየጎተተ ያላላዋል።

ሚዛኑ ቀላል ሒሳብ ነው። 2 ኪሎ መብራት 1 ሜትር ርቆ ከተንጠለጠለ፣ በሌላው ጫፍ ግማሽ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ያስፈልጋል። መብራቱን ከክንዱ ጋር በብረት ገመድ ወይም በጠንካራ ሲባጎ አያይዙት፤ ብሎኑ ቢፈታ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ግን ከሰው አናት በላይ መብራት አታንጠልጥሉ። ይህ የስቱዲዮ አሠራር ነው።

ከሥራ በኋላ

ከአቧራማ ቦታ ስትመለሱ ቱቦዎቹን ሙሉ አውጥታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት አትቀቡ፤ ዘይት የነካው ቱቦ ማጥበቂያው አይዘውም። የእግሮቹን ብሎኖች በየጊዜው ፈትሹ። የእግር ጫፍ ጎማ ከጠፋ ቶሎ ተኩት፤ ሴራሚክ ላይ ባዶ ብረት ይንሸራተታል። ማጥበቂያ በጉልበት አይታሰር። ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ቱቦውም ይሰረጎዳል።

ስታንድ ጡረታ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ቱቦው ከተሰረጎደ፣ አንገቱ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ተጠብቆ በእጅ ሲጫኑት የሚወርድ ከሆነ መብራት አይጫንበት። ቀይ ቴፕ ጠቅልሉበትና ስቱዲዮ ውስጥ የጀርባ ጨርቅ ወይም ፎም ለመያዝ ተዉት። ቀዩ ቴፕ የሚያስፈልገው ነገ የሚመጣው አዲስ ረዳት የትኛው እንደተጎዳ ስለማያውቅ ነው። ጉዳቱ የእግር ከሆነ ግን ለዚያም አይሁን። የጫፉን ቁራጭና ደህና ማጥበቂያዎቹን ለመለዋወጫ ፈታችሁ አስቀምጡና የቀረውን ለቆራሌው ስጡት።